የኒሙ ጥላ አበቦች

ማርቲ፣

ዓመቱን ረስቼዋለሁ፤ በመስኮት በኩል ለጓደኛሽ «አበቦቹን ያበቀልኳቸው እኔ ነኝ» ስትያት ሰማሁ። «እትዬ በለጠች እንዳትሰማሽ!» አለችሽ። «እሷ ጸሎት ላይ ናት፣ ምን ትሰማለች?» ብለሽ ሳቅሽ።



አበቦቹ ጥላ እንደሚወዱ የተማርኩት ሦስቱ ፀሐይ ላይ ሞተውብኝ ነው።

ትናንት ደግሞ ለእጮኛሽ እናት ያንኑ ስትነግሪያቸው፣ ነገ ከነሥሩ ነቅለሽ ልትሰጫቸው ቃል ስትገቢ ሰማሁ።

ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር የምታዪያቸው አበቦች አፈር ላይ የሰካኋቸው ሥር አልባ አገዳዎች ናቸው። ብታጠጫቸውም እስከ ነገ ምሳ ይጠወልጋሉ።

እኔ ሳቢያን ሰፈር እህቴ ጋ ሄጃለሁ። ሽሮው ድስት ውስጥ ነው፣ አሙቂው።

ይቅር እንድልሽ እየጸለይኩ ነው፤ ገና አልሆነልኝም።

በየዓመቱ መልሶ የሚያበቅላቸውን ሥር ጎረቤታችን ናፊሳ ጓሮዋ ተክላዋለች። ማን እንዳበቀላቸው ለአማትሽ በገዛ አፍሽ ከነገርሻቸው፣ ከሥሩ ከፍላ ልትሰጣቸው ተስማምታለች።