ግንብ የት ይሄዳል?

ኅዳር 2

ደረስኩ። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። አንዱ ላይ ሻንጣዬን አስተኛሁት። መስኮቱን ስከፍት የጎረቤት ሕንፃ ጀርባና የውሃ ቧንቧ... ታሪካዊ ከተማ ብለው ላኩኝ፣ እኔ ያየሁት ቧንቧ ነው።

አለቃዬ ደወለ። «ታድለሽ! ሰው ከፍሎ የሚያየውን አንቺ በአበል ታዪዋለሽ» አለኝ። ቢሮ ውስጥም ሁሉም ያለኝ ይህንኑ ነው። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ብድግ ብሎ መሄድ ነው። እውነታቸውን ነው። ብድግ ብዬ መጣሁ። ቤቴን ቆልፌ ስወጣ ለማንም «ሄድኩ» አላልኩም። ለማን ልበል? እናቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ የሚደውልልኝ የለም።

ኅዳር 3

ሥራ ጀመርኩ። አሮጌውን ከተማ ዙሪያውን የከበበው ግንብ በምሥራቁ በር በኩል ተሰንጥቋል። የተላክሁት አንድ ነገር እንዳጣራ ነው... ድሮ ተሰንጥቆ ያረፈ ነው ወይስ አሁንም እየሄደ ነው? መልሱን የሚሰጠኝ ጀሶ ነው። ስንጥቁን አሻግሬ መዳፍ የሚያህል ጀሶ እለጥፋለሁ፣ ሳይደርቅ ቀኑን በምስማር እጭርበታለሁ፣ ከዚያ መጠበቅ። ጀሶ መለጠጥ አያውቅም። ግንቡ የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ እሱም ይሰነጠቃል። እኛ «ምስክር» እንለዋለን። ምስክሮቼን እየዞርኩ አያለሁ፣ የቀረው ጊዜ የራሴ ነው። ከተማዋን ጎብኚ ተብያለሁ።

የመጨረሻውን የለጠፍኩት ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው፣ አንዲት ትንሽ ቤት ግንቡን ተደግፋ የቆመችበት። አንዲት አሮጊት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው የምትለጥፊው ልጄ?»

«ግንቡ ይሄድ እንደሆነ ለማየት ነው እማማ።»

«ግንብ የት ይሄዳል?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድንገት «በልተሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ።»

አልበላሁም ነበር። ለምን ዋሸሁ? አፌ ለምዶት ነው። ሆቴል ገብቼ ብስኩት በላሁ።

ኅዳር 5

ቤተ መንግሥቱን አየሁ።

ትኬት ቆራጯ አቀርቅራ «ስንት ሰው?» አለች። «አንድ» አልኳት። ቀና አለች። «አንድ?» ... ምን ላድርግ፣ ከየት ላምጣ?

አስጎብኚው ለአንድ ሰው ሲል አይነሳም፤ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቀላቀለኝ። አባት፣ እናት፣ አያት፣ እንደ አሸዋ የፈሰሱ ልጆች። ፎቶ የሚያነሳቸው ሲያጡ ስልካቸውን ለእኔ ሰጡኝ። «እህቴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ...» አንድ ጊዜ መች ሆነ! ዙፋኑ ፊት፣ ደረጃው ላይ፣ መድፉን ተደግፈው። ሲበቃቸው መርቀውኝ ሄዱ። «አንቺንስ እናንሳሽ?» ያለኝ የለም። ክንዴን ዘርግቼ ራሴን አነሳሁ። ግማሽ ፊቴና የዙፋኑ እግር ወጣ። ለታናሽ እህቴ ላክሁላት። አይታዋለች... ዝም።

ንጉሡ ምን ሠራ፣ ማንን ወጋ፣ አንዱም አልተያዘልኝም። ከልጆቹ አንዱ፣ ሕፃኑ፣ አያቱ ትከሻ ላይ እንደተኛ ግን አልረሳሁትም።

ኅዳር 6

ምስክሮቼ ሁሉ ደህና ናቸው። አንዱም አልተነካም።

እማማ በራቸው ላይ ነበሩ። «የግንብ ሐኪም መጣች!» ብለው ለጎረቤት ተጣሩ። በቃ፣ ስም ወጣልኝ። ዛሬ በልተሻል ብለው አልጠየቁኝም፤ ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። የድንች ሾርባ። ሁለተኛ ሳህን ሳልጠየቅ ተቀዳልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ስበላ ያዩኛል። ሰው ስበላ ካየኝ ስንት ዘመኔ ነው?

አንድ ልጅ አላቸው፤ የሚኖረው እኔ የምኖርበት ከተማ ነው። ነይ ነይ እያለ መከራቸውን ያሳያቸዋል።

«ሰባተኛ ፎቅ ላይ እኮ ነው። ሄጄ ሞከርኩት። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመጣል። እኔ በመስኮት የሰው አናት ሳይ እውላለሁ። እዚህ በሬን ከፍቼ ስቀመጥ ያልጠራሁት ሰው ይገባል። እዚያ ማንን ልጥራ? አሞራ?»

«እና አይሄዱም?»

«ከዚህች ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» አሉና ሳህኔን አነሱ።

ከረጢቱን ይዤ እንዳልንከራተት የተረፈኝን ጀሶ እሳቸው ጓዳ አስቀመጥኩ።

ኅዳር 8

እህቴ መለሰች። አውራ ጣት። እሱን ብቻ።

ኅዳር 9

ምሳ ላይ «ቤተ መንግሥቱ እንዴት ነው፣ ውስጡን ይወዱታል?» አልኳቸው።

«ገብቼ አላውቅም። ደጃፌ አይደል? መቼ ይሮጥብኛል።»

እዚህ ተወልደው፣ እዚህ ወልደው! እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው።

«ስንት ሰው?»

«ሁለት!» ድምፄ ሳላስበው ጮኸ መሰለኝ፣ ትኬት ቆራጯ ሳቀች።

እማማ የንጉሡ አልጋ ጋ ሲደርሱ አልሄድ አሉ። «ይሄን ሁሉ አዳራሽ ሠርቶ እዚህች ላይ ነው የሚተኛው? ብቻውን?» አስጎብኚው «ኧረ አጃቢው፣ አሽከሩ ስንት ነው» አላቸው። «ተከፍሎት የሚቆም ሰው፣ ሰው ነው እንዴ!» አሉት። ትንሽ ቆይቶ ጥበቃው «አይነካም እናቴ!» ብሎ ሲጮህ ዞር ብል፣ እማማ የአልጋውን መጋረጃ በሽርጣቸው ጫፍ ይዘዋል። «አቧራውን ላራግፍለት ብዬ እኮ ነው» አሉ፣ ተቀይመው።

መንገደኛ ለምኜ ሁለታችንን አስነሳሁ። ሁለታችንም ዐይናችንን ጨፍነናል። ይሄን ፎቶ ለማንም አልልክም። የራሴ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ ገና አማረችብኝ።

ኅዳር 12

ምን ጉድ ነው የገጠመኝ...

እማማ ቤት ጎን ያለው ምስክር አልተሰነጠቀም። ግን ቀለሙ ልክ አልመጣልኝም። የደረቀ ጀሶ ነጭ ነው፤ ይሄ ወደ ግራጫ ይላል። ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ። እርጥብ። ከዚያ የተጫረውን ቀን አየሁት፣ የእኔ እጅ አይደለም።

«እማማ፣ ይሄን ሰው ነክቶታል?»

«እኔ ነኛ! ከቤተ መንግሥቱ በመጣን ማግስት ተሰንጥቆብሽ አገኘሁት። አለቃሽ እንዳይቆጣሽ ብዬ ከጓዳ ካስቀመጥሽው አቡክቼ ለቀለቅሁልሽ። ቀኑንም አስመስዬ ጫርኩልሽ። አያምርም?»

«አንድ ጊዜ ነው የለቀለቁት?»

«በየማለዳው ነዋ! የዘንድሮ ጀሶ ምን ይረባል፣ ይኸው ባደረ ቁጥር ይሰነጠቃል።»

ባደረ ቁጥር... ግንቡ ባደረ ቁጥር እየሄደ ነው። ወዴት? ወደ እማማ ቤት። የተደገፈችው ምርኩዝ ራሱ ሊተኛባት።

«ያምራል እማማ» አልኩ። ሻይ አፍልተውልኝ ጠጣሁ።

ኅዳር 13

አለቃዬ ደወለ። «እንዴት ነው፣ ግንቡ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ዐይኔን በጨው አጥቤ! ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ማማው ላይ ወጣሁ፤ ከተማው በሙሉ ከዚያ ይታያል ብለውኝ ነበር። ይታያል። በሮቹ፣ ገበያው፣ ጉልላቶቹ። እኔ ያየሁት የእማማን ጣሪያና ያሰጡትን አንሶላ ነው። ከላይ ሲታይ ግንቡ ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው ይመስላል።

ለራሴ እንኳን ልዋሽ አልችልም። ለእሳቸው ብቻ አይደለም የፈራሁት። ከተናገርኩ እሳቸው ቤታቸውን ያጣሉ፣ እኔ ደግሞ ማዕዳቸው ላይ ያለችኝን ወንበር። «በልተሻል?» የሚለኝ ሰው በዚህ ምድር ላይ አንድ አገኘሁ... እሱንም በገዛ አፌ ላባርር? እንዴት ያለ ሥራ ነው የያዝኩት!

ኅዳር 14

አዲስ ምስክር ለጠፍኩ፣ ከአሮጌው ዝቅ ብሎ።

«እማማ፣ ይሄን አይንኩብኝ። ቢሰነጠቅም፣ ቢረግፍም።»

«ሥራሽ ቢበላሽስ?»

«ይበላሽ።»

ፊቴን አዩት።

ኅዳር 15

ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

እማማ አጠገቡ ቆመው ነበር፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «አልነካሁትም» አሉኝ ገና ከሩቅ። «ይኸው፣ አልነካሁትም።»

«እማማ፣ ግንቡ እየሄደ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ እርስዎ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው። «እኔ እኮ ሥራሽን የጠገንኩልሽ መስሎኝ...»

«እርስዎ ምን አጠፉ?»

«መቼ ነው የሚወድቀው?»

«አላውቅም። ነገ ሊሆን ይችላል፤ ዓመታትም ሊቆይ ይችላል። እዚህ ግን ማደር የለብዎትም።»

ቀስ ብለው «ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?» አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እየለመኑኝ ነበር።

«እኔ አውቃለሁ እማማ።»

እዚያው ሆኜ ለአለቃዬ ደወልኩ። ከትናንት ወዲያ «ደህና ነው» ያልኩትን አፈረስኩት። ቁጥሩን ከጎረቤት ጠይቄ ለልጃቸውም ደወልኩ። ስጨርስ እማማ ገብተው በሩን ዘግተውታል። ያ በር ቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 19

ልጃቸው በጭነት መኪና መጣ። ደግ ሰው ነው፣ አመሰገነኝ፣ አድራሻውንም ሰጠኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያለቅሳል። እማማ አላለቀሱም። ጋቢናው ውስጥ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ተቀመጡ። ጎረቤቱን አንድ ባንድ ጠየቁ፤ የዚያችን ጉልበት፣ የዚህን ሳል፣ የዶሮዋን ነገር። እኔ ስጠጋ «ደህና ሁኚ» አሉ።

«በልተሻል?» አላሉኝም።

ኅዳር 22

ቤቴ ገባሁ። ለግንቡ የእንጨት ድጋፍ ቆሞለታል፣ ሪፖርቴን አስገብቻለሁ፣ አለቃዬ «ጎበዝ» ብሎኛል። ቢሮ «እንዴት ነበር፣ ተዝናናሽ?» አሉኝ። «በጣም» አልኩ። ምን ልበላቸው?

ኅዳር 27

ልጃቸው ጋ ደወልኩ። «ደህና ናቸው፣ ብቻ ብዙ አያወሩም» አለ። ያገናኘኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። እኔም አገናኘኝ አላልኩ፣ እሱም አላገናኘኝ።

ታኅሣሥ 4፣ እሑድ

ሄድኩ። ስንት ጊዜ ለብሼ ስንት ጊዜ አወለቅሁ። ምሳዬን ጥግብ ብዬ በልቼ ነው የወጣሁት፤ ባያስገቡኝ እንኳ ሆዴ አብሮኝ እንዳያለቅስ። ብርቱካን ገዛሁ። አሳንሰሩ አይሠራም። አምስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ አልቆ ልመለስ ነበር።

ሰባተኛው ፎቅ ላይ የሁሉም በር ጥርቅም ብሏል፤ የአንዱ ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማማ ወንበር አውጥተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ማንም በማያልፍበት ኮሪደር። አዩኝ። አየኋቸው። ብርቱካኑን የት ላድርገው?

«የግንብ ሐኪም» አሉ። አልሳቁም። ተነሱና ክንዴን ይዘው በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት ወሰዱኝ።

ከመስኮቱ በላይ ቀለሙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። እሱን አሻግሮ አንድ ነገር ተለጥፏል። በክብሪት እንጨት ቀን ተጭሮበታል።

«ልጄ ቀለሙ ነው ይለኛል። እሱ ምን ያውቃል? ጀሶ ስላጣሁ በዱቄት ነው ያቦካሁት። አልነካሁትም። እስቲ እዪልኝ።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። ዳሰስኩት። ስንጥቁን በጥፍሬ ተከተልኩት፣ አንኳኳሁት፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀለም ነው። ቢሆንም የሚገባውን ያህል ጊዜ ወሰድኩ። እሳቸው ከታች የወንበሩን እግር ይዘውልኛል።

«ደህና ነው እማማ። ይሄ የትም አይሄድም።»

«አትዋሺኝም?»

«ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»

አንድ ጊዜ «ያምራል» ማለቴ ትዝ አለኝ። እሳቸውም ትዝ ያላቸው መሰለኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ወንበሩን ለቀቁ፣ ብርቱካኑን ተቀበሉኝ።

«በልተሻል?»

«አልበላሁም» አልኩ።