ተረከዜና የቁሓ መንገድ

ነሐሴ 14 ቀን 1939 ዓ.ም.

ዛሬም ዝናብ። ጣሪያው ያፈሳል። ድስት ደቀንኩለት።

ጠዋት ከመደብ ስወርድ ግራ ተረከዜ ያው እንደ ልማዱ... ምስማር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ግድግዳ ይዤ እስከ በር። ከበር እስከ ጓሮ ይሻለኛል። ቁጭ ብዬ ጥጥ ስፈትል ቆይቼ ስነሣ ደግሞ ከመጀመሪያው። የትኛው ኃጢአቴ ነው ተረከዝ ውስጥ የገባው?

መምህር ታመነ በየቀኑ ይጻፉ ይለኛል። ጓዳዬን የተከራየ የአንኮበር ልጅ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ ባለፈው ክረምት። «እትዬ፣ ያልተጻፈ ፊደል ይሸሻል» ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ከኔ ያልሸሸ ምን አለ? ይኸው እጽፋለሁ። ሽሮ በላሁ። ጨው በዛበት።

ነሐሴ 17

ታመነ ወሬ ይዞ መጣ። ለዘውዱ በዓል የሴቶች ውድድር ሊደረግ ነው። ሴት ልጅ ነጠላዋን ጥላ አትሮጥም ብለው መራመድ አደረጉት። ከቁሓ ተነሥቶ መቀሌ አደባባይ ድረስ። የሮጠች ከውድድሩ ትወጣለች። አንደኛ የወጣች በመንግሥት ካሚዮን አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ እዚያ ከሌላው አገር ሴቶች ጋር ትራመዳለች።

ካሚዮኑ ደብረ ብርሃን ያድራል አለ።

ደብረ ብርሃን ተዋበች አለች። እኅቴ። ባለቤቴን ተከትዬ ከሠራዊቱ ጋር ስወጣ በር ላይ ቆማ «ለፋሲካ ትመጪ የለ?» ያለችኝ። እሱ ማይጨው ቀረ። እኔ እዚህ ቀረሁ። ስንት ፋሲካ አለፈ... አምና የመጣ ነጋዴ ዐይኗ ጠፍቷል አለኝ። በእጇ ዳብሳ ነው አሉ ምድጃ የምታገኘው። እኔ ደግሞ በፈትል ዋጋ ካሚዮን ልሳፈር?

ለኔም ይፈቀዳል ወይ አልኩት። ታመነ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ መሳቁን ተወ። «ዕድሜ አልተከለከለም» አለ።

ነሐሴ 22

ጀመርኩ። ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። እስከ እንዳየሱስ ዳገት ሥር ለመድረስ ነበር ሐሳቤ። መጀመሪያ አነከስኩ። ከዚያ እግሬ ሞቀ፣ ሕመሙ ለቀቀኝ፣ ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። ወዲያው አንዲት ባልቴት አህያ እየነዳች መጣች። «ከመይ ሓዲርክን»... ቆምኩ። እንዴት አደርሽ፣ ልጆችሽ፣ ከብትሽ፣ ክረምቱ። የዚህ አገር ሰላምታ እንደ ዳዊት ነው፣ ካልተጨረሰ አይቆረጥም። ስትጨርስ እግሬን ባነሣው እምቢ አለ። ቤቴ የደረስኩት አጥር እየያዝኩ ነው።

ነሐሴ 23

አልወጣሁም። ጨው በሙቅ ውኃ በጠበጥኩ፣ እግሬን ነከርኩ፣ ራሴን ረገምኩ።

ጳጉሜን 2

ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ተረከዜን በአውራ ጣቱ ተጭኖ «እዚህ ነው?» ይለኛል። ጩኸቴን የሰማ ሁሉ እዚያ መሆኑን ያውቃል። አጥንት አልተሰበረም፣ ጅማቱ ነው የተቆጣ አለ። «ተኚ፣ አትሂጂ።» መተኛቱንማ ማን አጣው? ጠዋት ጠዋት የሚገድለኝ ተኝቼ ስነሣ አይደለም እንዴ!

ታመነ ከጎማ የተሠራ ጫማ ገዝቶ አመጣልኝ። ድርቀቱ ገደለኝ። በቢላዋ ተረከዙ ሥር ያለውን ቆርጬ ቀዳዳ አወጣሁለት፣ አሮጌ ጨርቅ አነጠፍኩበት። አሁን ይሻላል። ታመነ ሲያየው አዘነ። አዲስ ነበር።

መስከረም 4

ገባኝ። ተረከዜን የሚገድለው መሄድ አይደለም። መቆም ነው። ካልቆምኩ ይረሳኛል። ከቆምኩ ያስታውሰኛል።

ስለዚህ አልቆምም። ከመደብ ሳልወርድ ዘነዘናውን መሬት ላይ አጋድሜ ውስጥ እግሬን አንከባልልበታለሁ፣ እስኪሞቅ። ከዚያ እነሣለሁ። ከዚያ እስክመለስ ድረስ ለማንም አልቆምም። ሰላም የሚለኝን እጅ እየነሣሁ አልፋለሁ።

መስከረም 12

ኮራች ተባልኩ። ውኃ መቅጃው ላይ ሰምቼ ነው። «ያቺ የሸዋ ሴት ፊደል ቆጠረችና ሰላምታ ተወች።» ሌላዋ፣ «የድሮም ፊቷ ኮምጣጣ ነው» አለች። ይኼ እውነት ነው።

ልንገራቸው? ምን ብዬ? ተረከዜ ሰላምታ አይወድም ልበል?

መስከረም 18

መስቀል አለፈ። ደመራው ጋ አልሄድኩም፣ ቆሞ ማየት አለበት።

ከእንዳየሱስ በላይ ጣይባን አገኘኋት። የወሎ ሴት ናት፣ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፣ ከኔ ብዙ ታንሳለች። ለካ እሷም ትለማመዳለች። አብራኝ ስትሄድ ወሬዋ አያልቅም። ካሸነፍኩ ደሴ ላይ ወርጄ እናቴን ስሜ ነው የምቀጥለው ትላለች። ሁላችን ለካ ወደ ቤት ነው የምንራመደው።

«አንቱ እማማ፣ ለምንድን ነው እንደ ሰዓት የሚሄዱት?» አለችኝ። ለምን እንደማልቆም፣ ስለ ተዋበችም ነገርኳት። እስካሁን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለምን ለባላንጣዬ ነገርኩ?

ስትሰማ አልሳቀችም። «ወላሂ፣ እኔ ባውቅ መንገድ ላይ ሳገኝዎ አላስቆምዎትም ነበር» አለች።

መስከረም 27

ክፉ ቀን። ሌሊት ዘነበ፣ መንገዱ ጭቃ። ድንጋይ ረገጥኩ። በዚያው በግራው። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ፣ መቀመጤ ደግሞ ባሰ። አንድ የካሚዮን ሾፌር ላሳፍርሽ አለ። ሂድልኝ አልኩት። ለምን ሂድልኝ አልኩት? ሞኝ። ሞኝ አሮጊት። ቤቴ የገባሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ውድድር ብሎ ነገር! ጥጥሽን አትፈትዪም?

ተዋበች በእጇ ዳብሳ ታውቀኝ ይሆን? ፊቴ የድሮው አይደለም።

ጥቅምት 3

ዛሬ ከቁሓ እስከዚህ ሳልቆም መጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጣይባን ጥያት ወረድኩ። ቤቴ ደርሼ በሩ ላይ አለቀስኩ። ከሕመሙ መሰለኝ።

ጥቅምት 7

ነገ ነው። ዘነዘናው አጠገቤ ነው። መተኛት እምቢ አለኝ።

ጥቅምት 8

ሁሉንም ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ ቁሓ ተሰለፍን። ብዙ ሴት ነው። የጨው ነጋዴ ሚስቶች፣ የተማሪ ቤት ልጃገረዶች፣ ጣይባ ቀሚሷን በመቀነት ሰብስባ። ታመነ ፊሽካ ነፋና በመኪና ቀድሞን ወደ አደባባዩ ሄደ። ልጃገረዶቹ ገና ከመነሻው ሮጡ፤ በበቅሎ የሚከተለው ዳኛ እየጠራ አስወጣቸው። እኔ የራሴን ሄድኩ። አጭር እርምጃ፣ ሳላቋርጥ። እንዳየሱስ ጫፍ ላይ ከፊቴ ጣይባ ብቻ ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ አለፍኳት። «ይሂዱ እማማ፣ ይሂዱ» አለችኝ። ከልቧ ነው? ከልቧ ይመስለኛል።

ከተማው ታየኝ። ባንዲራው ታየኝ። ተዋበች ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ታየችኝ።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ከግራ በኩል ከጎጆዎቹ መካከል ቃሬዛ ወጣ። መንገዱን ሊሻገር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን።

ሬሳ ሲያልፍ ይቆማል። ይህን የማያውቅ የለም። ቀድሞ መንገድ መቁረጥ ደግሞ... ያን ያደረገ ሰው አላየሁም። ብቆም አለቀልኝ። ባልፍ ነውር ነው። ይህን ሁሉ ሳስብ እግሬ አልቆመም። አላለፈምም። ዞረና ከቃሬዛው ጎን ገባ። ጥቂት ሸኝቼ እመለሳለሁ አልኩ።

ያን ጊዜ አየሁ። ጨው የነጣበት ትከሻ ያላቸው አራት ተሸካሚዎች። አንድ ቄስ። ከኋላ አንድ ወጣት፣ እጁን አጣጥፎ። ሌላ ሰው የለም። ሴት የለም። ሴት የሌለበት ቀብር በዕድሜዬ አላየሁም። የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው።

ዞር ብዬ አየሁ። ሴቶቹ ሁሉ መንገዱ ላይ ቆመው ራሳቸውን ዝቅ አድርገዋል። ጣይባም ቆማለች። ቃሬዛው ሲሻገር ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ባንዲራው ሄዱ። ያን ጊዜ መመለስ እችል ነበር። ተረከዜም እሺ ይለኝ ነበር። ራስሽ ዕወቂው ሸዋወርቅ፣ እችል ነበር።

አፌ ተከፈተ። ጮኽኩ። «እኅቴ! እኅቴ!» እያልኩ። ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም። ለማን እንዳለቀስኩ እኔ ዐውቃለሁ። ለተዋበች ዐይን። ማይጨው ለቀረው። ለዚያ ባንዲራ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፣ በኀዘን አይደለም። ተሸካሚዎቹ ግን ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመሩ። ወጣቱም።

እስከ ጉድጓዱ ሄድኩ።

ጣይባ አንደኛ ወጣች።

ጥቅምት 9

ታመነ እራቱን አልበላም። «እትዬ፣ ቢጠሩን እንሰማዎት ነበር እኮ፣ ያን ያህል ቀርበው ነበር» አለ። ተረከዜ ነው አልኩት። «ተረከዝዎ ነው ቀብር የወሰደዎት?» አለኝ።

የውኃ መቅጃዎቹ ሴቶች መጡ። እንጀራ ይዘው፣ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ። የማታውቀውን ሰው ቀበረች ይላሉ። ለአንድ ወር ኩሩ፣ በአንድ ቀን ጻድቅ። ሁለቱንም አልሆንኩ። እንጀራውን ተቀበልኩ።

መነሣት አልቻልኩም ዛሬ። በዳዴ ነው ውኃ የጠጣሁት።

ጥቅምት 12

ወጣቱ መጣ። ወልደአማኑኤል ይባላል። ገበያ ላይ ጨው ከግመል ያወርዳል። አንድ አሞሌ ጨው በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። አንቺ ነው የሚለኝ፤ ከአፉ ሲወጣ ግን አክብሮት አለው።

የሞቱት እናቱ ናቸው። ለሕክምና ከተምቤን አምጥቷቸው ነበር። እዚህ ማንንም አያውቁም። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ሴት ጎረቤት ለመጥራት እንኳ ማን ጎረቤት እንደሆነ አላወቀም።

አመሰገነኝ። አሁንም አሁንም። መታገሥ አቃተኝ።

«ልጄ፣ ስማ» አልኩት። «ለእናትህ ብዬ አይደለም የመጣሁ። እግሬ ነው። ብቆም መነሣት አልችልም ነበር።»

«ዐውቃለሁ፣ አደይ» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «እያነከስሽ ነው የገባሽ። ልቅሶሽም የኛ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። እናቴ እኅት አልነበራትም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ተለቀሰላት።»

ጠላ ቀዳሁለት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ የሚያፈሰውን ጣሪያ አየ። እሑድ እመጣለሁ አለ። አትምጣ አልኩት።

ጥቅምት 15

መጣ። ጣሪያው ላይ ዋለ። ለማንም የማልቆመውን እኔን «ከታች ሆነሽ ሣር አቀብዪኝ» እያለ አስቆመኝ። ተረከዜ ገደለኝ። ሊያድር ነው ብዬ ፈራሁ። ጨርሶ ሄደ።

ጥቅምት 16

ሰኞ። ካሚዮኑ ከገበያው ዳር ተነሣ። አልሄድም ብዬ ነበር። ሄድኩ።

ጣይባ ከላይ ከጆንያው መካከል ተቀምጣለች። አዲስ ሻሽ አስራለች። ሳያት ቀናሁባት። አልዋሽም። ያ ቦታ የኔ ነበር። እሷም ገብቷታል፣ ዐይኔን ማየት ፈራች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ደብረ ብርሃን ስናድር እኅትዎን እጠይቃለሁ። ምን ልበልልዎ?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር አለ። አንዱም አልመጣልኝ።

«እጇን ያዢልኝ» አልኳት። «ስትገቢ ግን ስምሽን ቶሎ ንገሪያት። እኔ የመጣሁ እንዳይመስላት።»

ካሚዮኑ ሄደ። አቧራው እስኪበርድ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወደ ገበያው ተበተነ። እኔ ልሂድ ብል... እግሬ የለም። ተረከዜ ተቆልፏል። ግድግዳ የለ፣ አጥር የለ። ሜዳ ላይ እንደ ምሰሶ ተተከልኩ።

ወልደአማኑኤል ከግመሎቹ መካከል አየኝ። መጣ። አጠገቤ ቆመ። ሂድ ሥራህን ሥራ አልኩት። «እስክትጀምሪ ነው» አለ። ትከሻውን ያዝኩ። ጨው ጨው ይላል። የመጀመሪያው እርምጃ እስከ ጭንቅላቴ ተሰማኝ። ሁለተኛው ያው። ከዚያ ለቀቀኝ፣ ሄድን።

ገበያው ጫፍ ላይ ያቺ ባለ አህያዋ ባልቴት መጣች። «ከመይ ሓዲርክን።» እጅ ነሥቼ ላልፍ ነበር። ወዴት? አሁን ማን ይጠብቀኛል፣ የት ልደርስ ነው?

ቆምኩ። ሁሉንም ጠየቅኋት። ልጆቿን፣ ከብቷን፣ ወገቧን። ለካ እሷም ወገቧን ያማታል። ወልደአማኑኤል ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ቤቴ እስክገባ ተረከዜ ሲሰድበኝ መጣ። ይስደበኝ።