ያልተበላሸችው መኪና

ልጄ ሙኒር፣ አላህ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ቤንዚን ከተወደደ ወዲህ አባትህ መኪናዋን ለሥራ ካልሆነ አያስነሷትም። ጎረቤታችን አው ኑሬ ልጃቸው ሩቂያ ስትዳር ሙሽራዋን ባሏ አገር ሶፊ ድረስ እንድናደርስላቸው ለመኑን። አባትህ "ወላሂ፣ ተበላሽታለች" አሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ "አዎ" አልኩ።

አው ኑሬ አዝነውልን በማግስቱ መካኒክ ይዘው መጡ። መካኒኩ ሞተሩን አየ፣ ከዚያ የአባትህን ፊት አየ። "እውነትም ተበላሽታለች" ብሎ ክዳኑን ዘጋ። አው ኑሬ ደግሞ "አይዞህ ወንድሜ፣ ትጠገናለች" አሉ።

ሙሽራዋ በበቅሎ በደጃችን ስታልፍ መስኮታችንን ዘጋን። ይኸው እስከ ዛሬ አባትህ ሥራ የሚሄዱት በእግራቸው ነው።

ስትጽፍ ስለ መኪናዋ አትጠይቃቸው፣ ልጄ። አላህ በሰው ፊት አያሳፍርህ።

እናትህ