ባለቤቴን በጨዋታ ቀን ስለመቅበሬ

ለክቡር ዶክተር ብራድፎርድ ስቶክሊ
የሃርግሮቭ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎ ጤና፣ እንዲሁም በዚህ ከተማ ከማንኛችንም የተሻለ እንክብካቤ ለሚደረግለት ለስታዲየሙ ሣር ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔም ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ስሜ አርዲዝ ክዊለን ይባላል። የምኖረው ፔካን ጎዳና ላይ፣ በስታዲየምዎ ሰሜናዊ ግድግዳ ጥላ ሥር ነው። ጥላ ያልኩት ለማማረር አይደለም፤ በመስታወት የተሠሩት የባለጸጎች ክፍሎች ከላይ ከተጨመሩ ወዲህ ቲማቲሜ የከሰዓት ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ባለቤቴን ዴልመርን በጨዋታ ቀን የመቅበር ድፍረት ፈጽሜያለሁ። በዕለቱ ስላደረጉልን ነገር ሁሉ እስካሁን ሳላመሰግንዎ በመቆየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ውለታዎ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አዲሱ ሊግ አመሰግናለሁ። ዴልመርና ታላቅ ወንድሙ ኦርቪል ባንድ አልጋ ተኝተው ያደጉ ልጆች ነበሩ። ካደጉ በኋላ ዴልመር ለእኛዎቹ፣ ጃርቶቹ ለሚባለው ለሃርግሮቭ ቡድን፣ ኦርቪል ደግሞ ከወንዙ ማዶ ላለው ለቤክዊዝ ኮሌጅ ልባቸውን ሰጡና በዚያው ተለያዩ። ሁለቱም ወሬ የማይሆንላቸው ሰዎች ናቸው። በስልክ «እንዴት ነህ?» «አለሁ፤ አንተስ?» «አለሁ» ከተባባሉ ጉዳያቸው አልቋል። በገናም በልደትም አይጠያየቁም። የሚገናኙት በዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ጃርቶቹና ቤክዊዝ በሚጋጠሙበት ቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን ኦርቪል አረንጓዴ ኮፍያውን ደፍቶ በረንዳዬ ላይ ይቆምና ሳያንኳኳ ይጮኻል።

«ዴልመር! ውጣ! መሸነፊያህ ደርሷል!»

«አርዲዝ፣ በሩን እንዳትከፍቺ» ይላል ዴልመር ከውስጥ፤ «የሆነ ነገር ይሸተኛል፤ ከወንዝ ማዶ ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ ጓሮ ቁጭ ብለው ቋሊማ እየጠበሱ የሚሰዳደቡት ስድብ፣ የሚስቁት ሳቅ ለዓመቱ ይበቃቸው ነበር። ወንድማማችነታቸውን ጠቅልለው ያስቀመጡት በዚያች ቀን ውስጥ ነበር።

ክቡርነትዎ ከአራት ዓመት በፊት ከቴሌቪዥኑ ጋር ተዋውለው ታላቁ ሊግ ውስጥ ሲያስገቡን የቤክዊዝ ጨዋታ ቀረ። አሁን ባላንጣችን በሁለት አውሮፕላን የሚደረስበት፣ ውቅያኖስ ዳር ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዴልመር እነዚያን ሰዎች ለመጥላት ከልቡ ሞክሮ ነበር። «አላውቃቸውም እኮ አርዲዝ፤ በምኑ ልጀምር?» እያለ ተቸገረ። ኦርቪል ደግሞ የሚመጣበትን ሰበብ አጣ። ዴልመር «ና» አላለውም፤ ድሮም ብሎት ስለማያውቅ እንዴት እንደሚባል አያውቅበትም። እኔም «ደውልለትና ጥራው» ስለው «ምን ብዬ?» ይለኝ ነበር። እንዲህ ሆነው አራት ዓመት «አለሁ፤ አንተስ?» ሲባባሉ ቆዩ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ዴልመር ለቤተ ክርስቲያን ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ሳይነሳ ቀረ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰዓቱ አመሰግናለሁ። ቀብሩን ለቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ያደረግነው፣ የቢሮዎ የጨዋታ መርሐ ግብር የዚያን ቀን ጨዋታ ለምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ይዞት ስለነበር ነው። ልጄ ሮክሳን ተልሳ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ እሑድ ተመልሳ ሥራ መግባት አለባት። ኦርቪልም የሚተነፍስበትን ኦክስጅን ይዞ አርብ ማታ ይደርሳል። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ አልቆ ሰኞ ከሰዓት ሬዲዮው ጨዋታው ወደ ረፋዱ አምስት ሰዓት መዛወሩን ተናገረ። ቴሌቪዥኑ የጠዋት ክፍተት ነበረበት አሉ።

ቢሮዎ ደወልኩ። ኪንዝሊ የምትባል የተባረከች ልጅ አነሳች።

«ወይዘሮ ክዊለን፣ በጣም ነው የማዝነው። ግን ሰዓቱን የሚወስነው ቴሌቪዥኑ ነው።»

«እንግዲያው የቴሌቪዥኑን ስልክ ስጪኝ የኔ ልጅ።»

«ስልክ እንኳን… እኛም የምናገኛቸው በኢሜይል ነው።»

«ስታዲየሙ የማን ነው?»

«የእኛ ነዋ።»

«ቅዳሜስ?»

«እማማ፣ ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉትስ?» አለችኝ። ከጨዋታ በኋላ ፔካን ጎዳና እስኪመሽ በመኪና ታፍኖ እንደሚውል፣ መካነ መቃብሩም ጀንበር ሳትጠልቅ እንደሚዘጋ ነገርኳት። አለቀሰችልኝ፤ በእውነት አለቀሰች። ክቡርነትዎ፣ የዚያች ልጅ ሥልጣን ማልቀስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን ያለው ሰው በቢሮዎ ቢገኝ ምን ያህል በወደድኩ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ መንገዱ። ቢሮዎ ለአስከሬኑ መኪና አንድ የማለፊያ ወረቀት ልኮልን ነበር፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከነዳጅ ማደያው አጠገብ መንገዱ ላይ ከተጋደመው አጥር ስንደርስ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው ጥበቃ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ማለፊያው የሚሠራው በደቡብ በር በኩል መሆኑን ነገረን። ቤተ ክርስቲያናችን በሰሜን ነው፤ መካነ መቃብሩም ከእሱ ጀርባ።

የአስከሬኑ መኪና ሾፌር አቶ ብራኖክ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ወንድሜ፣ እኛ ጨዋታ ልናይ አልመጣንም። ከኋላ ያለው ሰው ወረቀት አያስፈልገውም» አሉት።

«ይገባኛል ጌታዬ። ግን የተጫዋቾቹ አውቶቡሶች አሁን ሊያልፉ ነው፤ በቀጥታ ይተላለፋል። ሌላ መኪና ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ተብለናል።»

ሮክሳን ከመኪና ወረደች። «አባቴ እኮ ነው!» አለችው።

«እህቴ፣ ይኸው በእግዚአብሔር፣ እኔም አምና አባቴን ቀብሬያለሁ። ባሳልፋችሁ ግን ነገ ሥራ የለኝም።»

ዓይኑን ማየት አቃተኝና እኔው «ተዪው ልጄ» አልኳት።

ቆምን። ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር ደጋፊዎች የሚበሉበትና የሚጠጡበት ድንኳን ተተክሎበት ነበር፤ አንዱም ግን የዴልመር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የድንች ሰላጣና የአሳማ ሥጋ የያዙ ትሪዎቻቸውን ተሸክመው በእግራቸው ሲያልፉ፣ ፊቱን በጃርት እሾህ አምሳል የተቀባ አንድ ጎረምሳ «ስንት ነው ሚሸጠው?» ብሎ ጠየቀ። የቀብር ምግብ መሆኑን ሲነግሩት ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ ከባዱን ትሪ ተቀብሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሰላቸው። ያን ልጅ ካገኙት፣ ወይዘሮ ክዊለን ስሙን ሳትጠይቅ በመቅረቷ አዝናለች ይበሉልኝ።

አውቶቡሶቹ አለፉ፤ ሙዚቀኞቹ አለፉ፤ ካሜራ የጫነውም የቴሌቪዥኑ ጋሪ አለፈ። እኛ ዴልመርን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጨዋታው ተጀምሮ ነበር።

አራተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩበትም።

ፓስተር ቲስዴል አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ይቀድማቸዋል። ጃርቶቹ ነጥብ ባስቆጠሩ ቁጥር ስታዲየሙ ውስጥ ለደስታ የሚተኮሰው መድፍ ይጮኽና መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የሬሳ ሣጥኑ ላይ ያለው አበባም ይርገፈገፋል። ሁለት ጊዜ ጀመሩ፤ ሁለት ጊዜ አቆሙ። በመጨረሻ ኦርቪል ከፊት ወንበር ላይ ስልኩን አውጥቶ ጨዋታውን ከፈተ። ሮክሳን «አጎቴ፣ ምን እያደረግህ ነው?» ብላ ስትቆጣው፣ «ቆይ ልጄ፣ ማስታወቂያ ሲገባ ጸጥ ይላሉ» አላት።

እውነቱን ነበር። ትንሽ ቆይቶ እጁን አነሳ። «ገባ! ፓስተር፣ አሁን!»

ፓስተር ቲስዴል መዝሙረ ዳዊታቸውን አንድ ጊዜ፣ ኦርቪልን አንድ ጊዜ አዩና ማንበብ ጀመሩ።

«ምን ያህል ጊዜ አለን?» አሉ ምዕራፉን ሲያጋምሱ፣ በሹክሹክታ።

«የመኪና ማስታወቂያ ነው፤ ረጅም ነው። የቢራው ይከተላል።»

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ የተሸኘው እንዲህ ነው። የሕይወት ታሪኩ በመድን ድርጅት፣ ጸሎቱ በቢራ፣ መዝሙሩ በጫማ ማስታወቂያ ተነበበ፣ ተጸለየ፣ ተዘመረ። ስልኩ ደግሞ ከሜዳው ትንሽ ዘግየት ስለሚል፣ የመጨረሻውን «አሜን» ሳንል መድፉ ደረሰብን። አሜን ያለልን እሱ ነው ማለት ይቻላል።

መቃብሩ ዳር ኦርቪል ኮፍያውን አውልቆ ሣጥኑ ላይ አኖረው። የቤክዊዝን አረንጓዴ ኮፍያ፣ በጃርቶቹ ሰው ላይ! «አንተ ፈሪ» አለው። «አራት ዓመት ሙሉ ሳልገጥምህ አመለጥከኝ።» ሌላ ነገር ለማለት ፈልጎ ነበር፤ ትንፋሹ አጠረውና ሮክሳን ደግፋ አስቀመጠችው። እነዚያ ሁለት ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበራቸው ክቡርነትዎ፤ ያን ቀን እርስዎ ለማን እንደሸጡት አላውቅም፤ ገዢውም ምን እንደገዛ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ስለ ስታዲየሙ ማስፋፊያ ለመወያየት እንደሚሰበሰብ ሰማን። ከስታዲየሙ ግድግዳ ሥር ያለው የፔካን ጎዳና ረድፍ፣ የእኔን ቤት ጨምሮ፣ ይፈርስና ለተጨማሪ የመስታወት ክፍሎችና ለእንግዶቻቸው መኪና ማቆሚያ ይሆናል ተባለ። ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ለእያንዳንዳችን ሁለት ደቂቃ ተሰጠን። ሰብሳቢው ስለ ሐዘኔ ማዘናቸውን ሲገልጹ ከደቂቃዬ ላይ ስላልቀነሱብኝ አመሰግናቸዋለሁ።

እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «የሰሜኑ ወንበር እኮ ግማሹ ባዶ ነው። ሰው በማይቀመጥበት ላይ ለማን ነው የምትጨምሩት?»

መልሱን የሰጡኝ ክቡርነትዎ ራስዎ ነበሩ፤ በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ። «ወይዘሮ ክዊለን፣ የምናሰፋው ለተመልካች ብቻ አይደለም። ውሉ የሚጠይቀው ደረጃ አለ።»

ከአጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ አቶ ፌንስተርማከር «ቁጭ በይ አርዲዝ፤ ይህ ነገር ያለቀው ድሮ ነው» አሉኝ። እሳቸው ቤታቸውን ለማስረከብ ከእኔ ቀድመው ፈርመው ነበር። ቦርዱ እጅ አወጣ፤ ተቃዋሚ አልነበረም። እኔም በሳምንቱ ፈረምኩ። የማልፈርም ከሆነ መንግሥት በሕግ እንደሚወስደው ጠበቃዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል፤ ከፈረምኩ ግን እስከ ፀደይ እንድቆይ ፈቅደውልኛል። በገዛ ቤቴ እንድኖር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።

ይህን የምጽፍልዎ ለጥቂት ቀን ከመጣሁበት ከሮክሳን ቤት፣ ከተልሳ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሳሎን ተቀምጠን የጃርቶቹን ጨዋታ ከፈትን። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከተማውን ከሰማይ አሳዩት፤ ስታዲየሙን፣ ወንዙን፣ ዛፎቹን።

«እማዬ! ቤታችን!» አለች ሮክሳን።

እውነትም ጣሪያችን ነበር፤ ከግድግዳው ሥር፣ እንደ ክብሪት ሣጥን። ተራኪው «እንዲህ ያለ ውብ የኮሌጅ ከተማ የት ይገኛል!» አለ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ኦርቪል ነበር።

«አርዲዝ፣ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ጣሪያው በሰሜን በኩል ተነቅሏል። ዴልመር እንዴት ዝም አለው? በፀደይ መጥቼ እጠግንልሻለሁ።»

ኦርቪል ሰማንያን አልፏል፤ ኦክስጅኑን ሳይዝ ከበር አይወጣም። ቤቱ እንደሚፈርስ አልነገርኩትም ነበር። ራሱ «እመጣለሁ» ሲል በሕይወቴ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

«እሺ» አልኩት። «ና።»

ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ውልዎ የተባረከ፣ ግድግዳዎ ከፍ ያለ፣ መድፍዎም ሁልጊዜ የጎረሰ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከጥላዎ ሥር፣ እስከ ፀደይ ድረስ፣
ታዛዥዎ አርዲዝ ክዊለን

ተጨማሪ፦ ከዴልመር ጎን ያለው መቃብር የእኔ ነው። ክቡርነትዎን ዳግመኛ ላለማስቸገር በጨዋታ ወራት ላለመሞት የተቻለኝን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ሐኪሜ ግን ቃል ሊገባልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ሲያገኙ ለእኔ የሚመቻቸው ቀን የትኛው እንደሆነ ቢጠይቁልኝ፣ በኢሜይልም ቢሆን፣ ባለዕዳዎ ነኝ።