የጠቆረው ቀርከሃ

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይን አበባዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? የባሕር ዳር ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ምላሴ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው፤ ስለቀረው ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። እናትሽ ደህና ናት። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ትዳር አይቀናውም ትላለች፤ ማስረጃዋ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ። ለመመረቂያ ኤግዚቢሽንሽ የአሶሳን ቀርከሃ በጠዋት ጭጋግ ያነሳሽባቸውን ፎቶዎች በኮምፒውተር እንዳስተካክልልሽ ላክሽልኝ። ነጣ ፈዘዝ ይበሉ፣ ጭጋጉን ግን እንዳትነካብኝ አልሽ። እኔ ከሰል አድርጌ መለስኩልሽ። አንተም ሥራዬን ከናቅኸው ኤግዚቢሽኑን እተወዋለሁ ብለሽ ጻፍሽ።

አልናቅሁትም፣ ልጄ። ፎቶውን ስከፍተው ጭጋጉ ከልክ ያለፈ መሰለኝ። ብርሃኑን ቀነስኩ፣ ጥላውን አጠቆርኩ፤ አልለቅ አለ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የብርሃን ግራፍ ወደ ጨለማው ተጋድሞ፣ በቃህ ይለኛል። ያለ አስተማሪ በዓይኔ የተማርኩ ሰው ለግራፍ ልታዘዝ? ውሸታም አልኩትና ቀጠልኩ። ጎረቤቴ ጨርቅ ሻጩ ዐወድ ገብቶ አየና፣ ወላሂ ይሄ ቀርከሃ ተቃጥላለች፣ እሳት የለቀቀው ማነው አለኝ። እየሳቅሁ ቀና ስል ጭጋጉ እሱም ፊት ላይ ነበር። በጥቅምት፣ በቀትር፣ ቤት ውስጥ።

ከዚያ ወዲህ ከፎቶ ስቱዲዮዬ ብዙም አልወጣም። መንገድ ስሻገር ባጃጁ ከነጭ ውስጥ ድንገት ይወለድብኛል። ደንበኛውን ፈገግ በል እለዋለሁ፤ ፈገግ ማለቱን የምጠይቀው ግን ዐወድን ነው። አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ዘንድ ልሂድ ብል እናትሽ ታውቃለች፤ እናትሽ ካወቀች አንቺም ታውቂያለሽ፤ አንቺ ካወቅሽ ትምህርቱን ጥለሽ ስቱዲዮው ውስጥ በእኔ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። አባትሽ ሲሞት ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመጪ ከመናኸሪያ ማን እንደመለሰሽ አልረሳሁም። እንዲህ ባጭር ገመድ እንደታሰረች ፍየል ስዞር ከረምኩ። ዝም ብል ደግሞ ሥራሽን ልትጥይ ነው።

ስለዚህ ነገርኩሽ። አትምጪ። ያልተነኩትን ፎቶዎች መልሼ ልኬልሻለሁ፤ በራስሽ ዓይን አስተካክያቸው፣ ግራፉንም ስሚው፤ እሱ ዋሽቶ አያውቅም። ተመርቀሽ ስትጨርሺ እናትሽን አብረን እንጋፈጣለን፤ እስከዚያ አፍሽን ዝጊልኝ።

አምላክ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ ሥራሽን ይባርክልሽ። ፎቶዎቹ ሲሰቀሉ የትኛው የት እንዳለ፣ ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ በቃል ጻፊልኝ። ዐወድ ያነብልኛል። ፊደል ቀስ እያለ ነው የሚለቅመው፤ እኔም አልቸኩልም።

ቀልደኛው አጎትሽ