በራችን ላይ የሰቀልኩት አበባ

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

እማዬ ከክፍሏ አልወጣም ብላለች። ምሳ ይዤላት ገባሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። "አስቀምጪውና ሂጂ" አለችኝ። ቅዳሜ የታናሽ እህቴ የሳራ ሰርግ ነው። ሙሽራዋን መርቃ ከቤት የምታስወጣት እማዬ ናት። አባዬ የለም፤ ካረፈ ገና ዓመት ማለፉ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። የማንም አይደለም፣ የኔ።

ዲኮር የሚሠራ ሰው አንጠራም፣ አበባውን እኔ እሠራዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። በቤተሰባችን የአበባ ሰው እኔ ነኝ። ሳራ ስትመረቅ ካሮትና ቀይ ሥር ጠርቤ ከጽጌረዳ ጋር ስሰካው ሰው ሁሉ አጠገቡ ፎቶ ተነስቷል። ልደት ሲኖር "መሲ ትጠራ" ነው የሚባለው። እናም ትናንት ከቢሮ ፈቃድ ወሰድኩ፤ ከየጎረቤቱ ግቢ ነጭ አበባ ለመንኩ፤ ሽቦ ክብ አድርጌ ጠመዝኩና ዙሪያውን በአበባና በጥድ ቅጠል ሸፈንኩት። ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ነው። ፈረንጆቹ ለደስታ በራቸው ላይ ይሰቅሉታል። ሁለት ሠራሁ። ዛሬ ጠዋት አንዱን የአጥሩ በር ላይ፣ አንዱን የቤቱ በር ላይ ሰቀልኩ። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ራቅ ብዬ አየሁትና ኮራሁ።

ድንኳን። ነጭ አበባ። ክብ። በር ላይ። የአባዬ ቀብር ቀን ከፊት ሆኜ የአበባ ጉንጉኑን የያዝኩት እኮ እኔ ራሴ ነኝ! ዓይኔ የት ሄዶ ነበር?

የእድራችን ሴት እትዬ ወርቄ ከገበያ ሲመለሱ በሩን አይተው ዘንቢላቸውን እዚያው ጣሉ። "ወይኔ! ወይኔ! ምነው ሳትነግሩን!" እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ሁለት ሴቶች ተከተሏቸው። እማዬ ጓሮ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሳራ ደግሞ መሃል ከተማ ፀጉር ቤት ሄዳለች። እማዬ ለቅሶውን ስትሰማ ቢላዋውን እንደያዘች ሮጣ መጣች። "ልጄን! ልጄን ምን አገኛት?" ብላ ጮኸች። ያንን ድምፅ መቼም አልረሳውም።

እትዬ ወርቄ ነገሩ ሲገባቸው አፈሩ። "እኔ ምን ላድርግ ልጄ? የሞተ ሰው ያለበት ቤት አስመሰላችሁት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እማዬ ግን በሩ ላይ ያለውን ክብ አበባ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ገባች።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ጉንጉኖቹን አፈራርሼ ከጓሮ ጣልኳቸው። አበባው በሽቦው ተቀጥቅጦ ጠቁሯል፤ ለምንም አይሆንም። ሌላ ልለምን እንዳልሄድ የሰፈሩ ነጭ አበባ በሙሉ እኔ ጋ አልቋል። ያለኝ ይሄ ነው፦ ሪባን፣ ስፖንጅ፣ ባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ ከጓሯችን ኮባ፣ ያበጠ ዓይን።

ሳራ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ጠዋት መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እማዬ ካልመረቀችኝ አልወጣም፤ ለበረከት ሰዎች አንቺው ደውለሽ ንገሪያቸው" አለችኝ።

በረከት እጮኛዋ ነው። ዘመዶቹ ነገ ከሶዶ ይነሳሉ። ምን ብዬ ነው የምደውለው? አበባ ስላበላሸሁ ሰርጉ ቀርቷል? ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። እንደገና አንስቼ አስቀመጥኩት። ጌታ ሆይ፣ ምነው እጄን በያዝክልኝ ኖሮ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ

የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር መጥተው ነበር። እሳቸው ቢያናግሯት ትሰማለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። በሩ ገርበብ ስላለ ሰማሁ። "እህቴ፣ እኛ በምልክት አናምንም፤ አበባ አበባ ነው" አሏት። እማዬም "አውቃለሁ ፓስተር። አላምንም። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ" አለች። ጸለዩላትና ሄዱ። ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ይሄ ትከሻ መምታት መጥፎ ነው፤ ሐኪምም ሲያቅተው እንደዚያ ያደርጋል።

ቁጭ ማለት ስላልቻልኩ ባጃጅ ይዤ የከተማችን ሐይቅ ዳር ሄድኩና ደንገል አስቆርጬ መጣሁ። ባጃጁ ውስጥ አልገባ ብሎ ግማሹ በመስኮት ተንጠለጠለ። ሹፌሩ ደጋግሞ በመስታወት ያየኛል። "ለምንድን ነው እህት?" ሲለኝ "ለሰርግ" አልኩና ሆዴ ባባ፤ አለቀስኩ። "አይዞሽ፣ የአንቺ ነው እንዴ ሰርጉ?" አለኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቄ መጣ።

ደንገሉን በባልዲ ውሃ ውስጥ አቁሜዋለሁ። ለምን እንደምሠራ አላውቅም። ሰርግ ይኑር አይኑር አላውቅም። ግን እጄ ሥራ ከፈታ አብዳለሁ።

ዓርብ

ጠዋቱ ሲኦል ነበር። ጣሳዎቹን በኮባ ልሸፍን ብል ቅጠሉ በታጠፈ ቁጥር ይተረተራል። ደንገሉን ስሰካው ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ከአጥራችን ቀይ ቡገንቪላ ቆርጬ ጨመርኩበት፤ ወዲያው ረገፈ። ሎሚ ከነቅርንጫፉ አስገባሁ፤ ጣሳው ተገለበጠ። ሳራ ቆማ ታየኛለች። ረፋዱ ላይ የበረከት ሰዎች ተነስተናል ብለው ደወሉ። "እሺ፣ በሰላም ግቡ" አልኳቸው! ሌላ ምን እላለሁ? ስልኩን ዘግቼ ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀልኝ አልኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት።

ያኔ እማዬ ወጣች። ወደ ሽንት ቤት ነበር አካሄዷ። ማንንም ሳታይ በድንኳኑ በኩል አለፈች። ስትመለስ ግን ጠረጴዛው ጋ ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"የሙሽሮቹ ጠረጴዛ አበባ ነው።"

"ይሄ? ጎመን ነው የሚመስለው። ለሽያጭ የታሰረ ጎመን።"

ከረቡዕ ጀምሮ እንዲህ ረዘም ያለ ነገር ስትናገር ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

"ኮባውን እሳት ሳታስነኪው ነው የምታጥፊው? ማነው እንዲህ ያስተማረሽ? ደግሞ ቀለም የለው። የሶዶ ሰው መጥቶ ይሳቅብን?" በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። "ለወርቄ ደውዪላት። ግቢዋ ቀይ ጽጌረዳ ሞልቷል። ያን ሁሉ ጮኻ አስደንግጣኝ ዝም ብላ አትቀርም፤ ትካሰኝ።"

እትዬ ወርቄ ራሳቸው ተሸክመው መጡ። በትልቅ ሳፋ፣ ቀይና ሮዝ፣ ገና አሁን የተቆረጠ። "ይቅር በይኝ" አሏት። እማዬም "አንቺ ምን አደረግሽ? ቀብር ያዘጋጀችው ይቺ ናት" ብላ በአገጯ ወደኔ ጠቆመች። ሳራ ሳቀች። እውነት ሳቀች።

ኮባውን በእሳት አለሰለስነው፤ እንደ ጨርቅ ሆነ። ደንገሉን አሳጠርነው። እማዬ እሾህ ትመለምላለች፣ እኔ እሰካለሁ። ሌሎቹ ሲሄዱ ሁለታችን ቀረን። ቀና ሳትል መናገር ጀመረች።

"አበባው አይደለም" አለችኝ። "እርግጥ አስደንግጦኛል። ግን ከዚያ በፊትም ስፈራ ነበር። መመረቅ የአባትሽ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ሲዳር እንኳ እሱን ነው የሚጠሩት፤ አማርኛው ማር ነው። እኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? አማርኛዬ ገበያ ላይ ይበቃኛል። ሰው ፊት ስቆም ይጠፋብኛል። ተኝቼ ብቀር ሌላ ሽማግሌ ይመርቃታል ብዬ ነው።"

ደነገጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ስበላ፣ ለካ እሷን ሌላ ነገር እየበላት ነበር። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ማንም አልጠየቃትም። ትቆማለች ብለን ወሰንን እንጂ።

"በሲዳሙ አፎ፣ በራስሽ ቋንቋ መርቂያት" አልኳት።

"የበረከት ሰዎች ቋንቋውን አይሰሙም።"

"ሳራ ትሰማለች። ለነሱ ነው እንዴ የምትመርቂው?"

እሾሁ ጣቷን ወጋት፤ ጠባችው። "አላውቅም" አለች። እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ይኸው አሁን ጀንበር እየጠለቀች ነው፤ የሶዶ ሰዎች ገብተው ማረፊያቸው ሄደዋል፤ እኔ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ

ቶሎ ልጻፈው፣ ሳይበርድ።

ጠዋት እማዬ ነጭ የሐበሻ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ እያየች አንዱን ጽጌረዳ ነቅላ መልሳ ሰካች፤ ቦታው ያው ነው። ሰው አበባውን እያየ "የት ነው ያሠራችሁት?" ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ሰማይ እነካ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኔ እሷ ላይ ብቻ ነበር።

የመሸኛው ሰዓት ደረሰ። መዝሙሩ አለቀ። ሳራና በረከት እማዬ እግር ሥር ተንበረከኩ። እኔ የሳራን እቅፍ አበባ ይዤ ከጎኗ ቆሜያለሁ። እማዬ እጇን ሳራ ራስ ላይ አደረገች። አፏ ተከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ጠበቅን። አንድ ሰው አሳለ። አንዱ የሶዶ ሽማግሌ ሊያግዟት ፈልገው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አለቀ፣ ምርቃቷን ተቀማች አልኩ በልቤ።

እማዬ ሽማግሌውን በእጇ ምልክት አስቀመጠቻቸው። ከዚያ በሲዳሙ አፎ ጀመረች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ አለች። ስትጣሉ ሳትተኙ ታረቁ አለች። አባታችሁ ቢኖር የሚለውን ሁሉ፣ እኔ የማላውቀውንም፣ ጌታ እንደተባለ ይቁጠርልኝ አለች። ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። እዚህ ቤት ስኖር እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። የሶዶ ሰዎች ቃሉ አልገባቸውም፤ ግን ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር "አሜን!" ይላሉ። ሳራ ኩሏ ሁሉ ወርዷል።

አበቃች ስል ሌላኛው እጇ መጥቶ እኔ ራስ ላይ አረፈ።

"ይቺንም ልጄን" አለች፣ በዚያው በሲዳሙ አፎ፣ በዚያው በትልቁ ድምፅ፣ "ሰርጌን ቀብር ያስመሰለችብኝን፣ ከአልጋ ጎትታ ያወጣችኝን፣ እጇን ባርክልኝ። ጭንቅላቷንም ጨምርልኝ።"

የኛ ዘመዶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው በሳቅ ተንፈራፈሩ። የሶዶ ሰዎች ግን ትልቁ ምርቃት የመጣ መስሏቸው በአንድ ድምፅ፣ ድንኳኑ እስኪነቃነቅ "አሜን!" አሉ። እኔም እያለቀስኩ አብሬያቸው አልኩ።