የፍልሰታ ዋዜማ ሥጋ

ነሐሴ 9
ይኸው፣ ጻፍኩ። በዮርክ ካሉ ፈረስ ጠባቂዎች መሀል ብዕር የያዘ እኔ ክሪስፒን ብቻ ነኝ። ፈረሶቹም ሳይኮሩብኝ አልቀሩም። አባ ጊልበርት ማታ ማታ ወጥ ቤት ያስተምሩናል። «ፊደልህ የሰከረ ዶሮ የሄደበት ይመስላል» አሉኝ። ይሁን... ዶሮዋ ግን ደርሳለች።
ለጎረቤት የቤቱ ባለቤት የእመቤት ኡርሱላ አጎት ተብለዋል። የካቶሊክ ቄስ መሆናቸው ከታወቀ እሳቸውም፣ ያስጠጋቸውም ይሰቀላል። የእንግሊዝ ንግሥት ሕግ ነው።

ነሐሴ 12
ንጋት ላይ ቄስ የሚያድኑ የንግሥቲቱ ፈታሾች መጡ። አባ ከምድጃው ጀርባ ካለው ስውር ጉድጓድ ገቡ... ዳቦም ውሃም ሳይዙ። አለቃቸው ሮክቢ ወለሉን እያስፈነቀለ ነው።

ነሐሴ 14
አልሄዱም። ወጥ አብሳይዋ ዊኒፍሬድ ግድግዳውን ብታንኳኳ መልስ የለም። በሕይወት አሉ?
የአሳማ ሥጋ ይሸታል። ሮክቢ ሁላችንንም ለምሳ ይጠራል። ለምን?

ነሐሴ 16፣ እስር ቤት
ወረቀቴን ጫማዬ ውስጥ ሸሽጌ አስገባሁ።
ለካ ሮክቢ የፍልሰታን ዋዜማ ቆጥሮ ነው፤ በእኛ በካቶሊኮች በዓሉ ነሐሴ 15 ነው። እነሱ ፕሮቴስታንቶቹ ጾሙን ሽረውታል፣ እኛ እንጾማለን። ሰውየው ድሮ የእኛ ነበር፣ ቀኑን ያውቃል። ማንም እጁን አልዘረጋም። እመቤት ገረጡ። እኔ ልግደፍላቸው አልኩ። «እነዚህ ጥርሳቸውን ታመው ነው ጌታዬ፣ የእኔ ደኅና ነው» ብዬ ትልቁን ቁራጭ ሳብኩ። ፈታሾቹ ሳቁ።
ከዚያ ልጎርስ ስል... እጄ አማተበ። እነሱ ማማተብ ከተዉ ስንት ዘመናቸው። ጾም ሊገድፍ የሚያማትብ ከእኔ ሌላ ማን አለ?
«እጅህ ካንተ ይሻላል፣ አይዋሽም» አለ ሮክቢ። «ቄሱ የት ነው?»
«ጋጣ ደብቄው ነበር። እመቤት አያውቁም። ትናንት ወንዙን አሻገርኩት» አልኩ።
ስንት ቀልድ ቀልጄ የታመነልኝ ይሄ ብቻ! እኔን አሥረው ወደ ወንዙ ጋለቡ። ቤቱ ባዶ ቀረ። አባ ግን... እነ ዊኒፍሬድ ደረሱላቸው?

ነሐሴ 20
ስቅላት ተፈረደብኝ። ቄስ ደብቄያለሁ ብዬ ራሴ አይደል የተናገርኩት? ጌታ ሆይ፣ አንገቴ ቀጭን ነው...

ነሐሴ 27
ነገ ነው።
ዊኒፍሬድ ንጹሕ ሸሚዝ አመጣችልኝ። ጆሮዬ ሥር፣ «ወጥተዋል። ሾርባ ጠጡ፣ አሻገርናቸው» አለች። ልታለቅስ ስትል፣ ሸሚዙ ሰፍቶኛል አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ግን አለቀሰች።
ጠባቂው ዳቦ ይዞ ገባ። ደግ ሽማግሌ ነው። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው አንዴ ብትገባ ገመዱ ይቀራል። አሁንም በሩ ክፍት ነው» አለኝ። ፈራሁ። ፊደሌም ይኸው፣ ዛሬ እውነትም የሰከረ ዶሮ ነው።
ዳቦውን ተቀበልኩ። ዓይኑ እያየኝ ቀስ ብዬ አማተብኩ።
ዛሬ እጄን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።